ቮልሷና የሽንኩርት ጋሪው

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ባጠናሁት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። አደጋ ከደረሰ በኋላ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ ተሽከርካሪን ከቦታው ማንቀሳቀስ ክልክል ነው ይላል። ፕላን ማንሳት ማለት ፖሊሱ የጎማውን ዱካና የመኪኖቹን አቋቋም በሜትር ለክቶ ወረቀት ላይ መሳል ነው። ጥፋተኛው የሚለየው ከዚያ ሥዕል ነው። ይህን ደንብ ለፈተናው ብዬ በቃሌ ይዤው ነበር። ስለዚህ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋ ላይ፣ የተሰበረ ጋሪና የተደፋ ሽንኩርት መሃል ቆሜ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ደንቡን አስረዳ ነበር።

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል። በምዕራቡ ዳር ከዚራ አለ፣ በምሥራቁ መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ገበያው ሞቅ ባለ ቀን ድልድዩ ስለሚጨናነቅ ሰውም፣ ጋሪም፣ ግመልም፣ አንዳንዴ መኪናም በአሸዋው አቋርጦ ይሻገራል። ለከተማዋ አዲስ ነበርኩ፤ ከደጋ ተመድቤ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በአሸዋው መሻገር ግን ተምሬ ነበር፣ ወይም የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ቮልሷ የእህቴ ባል መኪና ነበረች። እሱ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ወደ ጅቡቲ መስመር ሲወጣ ቁልፉን ለእህቴ ትቶ ይሄዳል፣ እህቴ ደግሞ ለእኔ ትሰጠኛለች። መኪናዋ ኢንሹራንስ አልነበራትም። በዚያን ጊዜ ኢንሹራንስ ግዴታ አልነበረም፤ የገባ ገባ፣ ያልገባ በራሱ ይወጣዋል። የእህቴ ባል እንድነዳት ሲፈቅድልኝ «ሰው አትንካ እንጂ ማንም ምንም አይጠይቅህም» ብሎኝ ነበር። በዚያ ቀን የእህቴን የልብስ ስፌት መኪና መጋላ ካለ ጠጋኝ ተቀብዬ፣ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ከዚራ እየተመለስኩ ነው ሰው የነካሁት።

ጋሪው ከከዚራ በኩል ወደ ገበያው ሽንኩርት ጭኖ እየወረደ ነበር። ፊት ለፊት ተያየን። ጡሩምባ ነፋሁ፤ እንደ ደንቡ መሪውን ወደ ቀኜ ጠመዘዝኩ። እሱም በራሱ ቀኝ ቢይዝ ኖሮ ተላልፈን እንሄድ ነበር። እሱ ግን ልጓሙን ወደ ግራው ሳበ። የጋሪው ዘንግ በቮልሷ የግራ መከላከያ ላይ ተሰበረ፣ ባለጋሪው ከመቀመጫው ተወርውሮ በእጁ ላይ ወደቀ። ፈረሱ ምንም አልሆነም። ሽንኩርቱ አሸዋው ላይ ተንከባለለ።

ከመኪናዬ ወርጄ መጀመሪያ ሰውዬውን አየሁት፤ ተነስቶ ቆሟል። ቀጥሎ አሸዋውን አየሁ። የእኔ ጎማ ዱካ ወደ ቀኝ ታጥፏል። የጋሪው ጎማ ዱካ ወደ ግራ ታጥፏል። ጥርት ብሎ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ ይመስል። በሆዴ «አሸዋው ይመሰክርልኛል» አልኩ። ወዲያውም ሰው ዱካውን እንዳይረግጥብኝ ድንጋይ እየለቀምኩ ዙሪያውን መደርደር ጀመርኩ።

በአሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ መጡ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችም ቆሙ።

«እባካችሁ አትርገጡ!» እላለሁ። «ይህ ማስረጃ ነው። አዴር፣ እርስዎም ጋሪውን አይንኩት፤ ትራፊክ እስኪመጣ እንዳለ ይቆይ።»

አዴር በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው። ባለጋሪው ሽበት የጀመረው፣ ሽርጥ የታጠቀ ሶማሌ ነበር። ዞር ብሎ ከኋላው ተመለከተ።

«እርስዎ የምትለው ማንን ነው? እዚህ ያለነው እኔና ፈረሴ ነን።»

ሰው ሳቀ። ድሬዳዋ ውስጥ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው የሚባለው፤ እርስዎ የሚል ሰው አንድ ነገር የሚደብቅ ይመስላቸዋል።

«እሺ… አንተ» አልኩ፣ ምላሴ እየተሳሰረ።

«አስተማሪ ነህ ኣ?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ጠመኔው ሸሚዝህ ላይ አለ። ደሞ ስታወራ ሰው ሁሉ ተማሪህ ይመስልሃል።» ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ይዞታል፤ አንጓው ማበጥ ጀምሯል። «አቦ፣ መምህር፣ ትራፊክ ምን ያደርግልናል? ማዶ ሽማግሌ አለ። እዚያ ጥላ ስር ተቀምጠን እንጨርሰዋለን።»

«አይቻልም። ሰው ተጎድቷል። ሰው ሲጎዳ ፖሊስ ማወቅ አለበት።»

«የተጎዳሁት እኔ! አንተ ለምን ታመምክ?»

እንደገና ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በብስክሌት የሚያልፍ ሰው ለምኜ ድልድዩ ጋ ወደሚቆመው ትራፊክ ላክሁት። ከዚያ በኋላ ባለጋሪው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«እኔ ጣቢያ ስገባ ስለ ጋሪ አይጠይቁኝም፣ መምህር።»

ሊል የፈለገው ገባኝ። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት ወዲህ እንደሱ ያለ ሶማሌ ጣቢያ ከገባ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደሆነ ነበር። እኔም ብሆን ጣቢያውን ወድጄው አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ መምህር ታሰረ ከተባለ በመኪና አደጋ ነው ብሎ የሚያምን አልነበረም። ጓደኞቼ እኔን ሲያዩ በሌላ መንገድ ይዞራሉ፣ ርዕሰ መምህሩ በቦታዬ ሌላ ሰው ይመድባል፣ ቀበሌው የእህቴን ቤት ያንኳኳል። ስፈታም በምን እንደታሰርኩ ማስረዳት አልችልም። ከዚህ ሁሉ የሚያድነኝ ያ አሸዋ ላይ ያለው ዱካ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ጥፋተኛ አለመሆኔ ከተለካ፣ ከተሳለ፣ ከተፈረመበት ማን ምን ይለኛል? ስለዚህ የሰውዬውን ነገር ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ፤ ድንጋይ መደርደሬን ቀጠልኩ።

ትራፊኩ ቆየ። የቆመው ሰው በዛ። አንዱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ በእንጨት አሸዋ ላይ ሥዕል ስዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ይህ የኔ መኪና፣ ይህ ጋሪው፣ ይህ ቀኝ፣ ይህ ግራ። ሲገባቸው አይቼ ትንሽ ተረጋጋሁ። ጥያቄ ካላችሁ እስከማለት ደርሻለሁ።

«እኔ አለኝ» አለ ባለጋሪው። ፈረሱን እየፈታ ነበር። «አሸዋ ላይ ቀኝ የቱ ጋ ነው? ማን አሰመረው?»

ወዲያው ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ ወደ ደቡብ ጠቆመች። «አስተማሪው፣ ቀና በልና ደንገጎን እየው።»

ቀና አልኩ። እኛ ላይ ፀሐይ ነው፤ ተራራው ግን ጠቁሯል። ዝናቡ እዚያ እየወረደ ነበር። ሴቶቹ ልብሳቸውን በየሳፋቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ሰውም ወደየዳሩ መበተን ጀመረ። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እኔ የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ደንገጎ ላይ ከዘነበ ደቻቱ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ መኪና እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ይዞ ነው የሚሄደው።

ያኔ የነበርኩበት ጭንቀት ምን እንደሚመስል ላስረዳ። መኪናዋን ካነሳኋት ደንቡን ጥሻለሁ፤ ማስረጃ አጥፍቶ ሊያመልጥ የሞከረ ሹፌር ነኝ። ካላነሳኋት ውሃው ይወስዳታል፤ ኢንሹራንስ የላትም፣ የኔም አይደለችም። ማስረጃውንም አብሮ ይወስደዋል። ይህን አሁን ስጽፈው መልሱ ግልጽ ነው። እዚያ ቆሜ ግን ከድልድዩ በኩል ሞተር ሳይክል ይመጣ እንደሆነ እያየሁ፣ ትንሽ ልጠብቅ፣ ትንሽ ብቻ፣ እላለሁ። ሁለት ሰዎች ሳያማክሩኝ የቮልሷን በር ከፍተው የስፌት መኪናዋን አውጥተው ተሸክመው ወደ ዳር ሮጡ።

ከላይ ጩኸት መጣ። ጩኸቱ በየቋንቋው ነበር። «ውሃ! ቢዮ! ቢሻን!»

«ፕላን አልተነሳም!» ብዬ ጮህኩ። ለማን እንደጮህኩ እስካሁን አላውቅም።

«ፕላንህን ውሃ ያንሳልህ!» አለኝ ባለጋሪው። «መኪናህን አንሳ፣ ወሪያ! ግባ!»

ገባሁ። ሞተሯ ተነሳች፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን አሸዋውን እየቆፈሩ ባሉበት ይሽከረከራሉ። ሰዎች ተመልሰው መጡ፣ ገፉ። የደረደርኳቸውን ድንጋዮች ጎማ ስር ከተቱልኝ። ቮልሷ ዘለለችና ወጣች። በመስታወት ስመለከት ባለጋሪው በአንድ እጁ የጋሪውን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። ዘንጉ ስለተሰበረ ፈረሱ ሊጎትትለት አይችልም። ቆምኩ። ከምኔው ገመድ እንዳመጡ አላየሁም፤ ጋሪውን ከቮልሷ ኋላ አሰሩት። እየጎተትኩት ወደ ከዚራ ዳር ወጣሁ። ባለጋሪው ፈረሱን ይዞ ከጎኔ ይሮጣል። ዱካዎቹን፣ የኔን ቀኝና የሱን ግራ፣ እግርና ጎማ ደባልቋቸዋል።

ዳር ላይ ወጥተን ገና ትንፋሻችን ሳይመለስ ውሃው መጣ። መጀመሪያ አረፋና ቅርንጫፍ ያዘለ ቡናማ ምላስ፣ ከዚያ ሙሉው ወንዝ። ሽንኩርቱን ይዞ ሄደ።

ትራፊኩ የደረሰው ያኔ ነው። ወፍራም፣ ላብ ያጠመቀው አሥር አለቃ ነበር። ሞተሩን አቁሞ ቮልሷን አየ፣ ገመዱን አየ፣ የታሰረውን ጋሪ አየ።

«የተጋጩት የታሉ?»

«እኛ ነን፣ ጓድ አሥር አለቃ።»

«ይሄ ያንን እየጎተተ ነው። ታዲያ መቼ ነው የገጨው?»

«ከመጎተቴ በፊት።»

«ቦታውስ?»

ባለጋሪውና እኔ አንድ ላይ እጃችንን ዘረጋን። ጣታችን የጠቆመበት ቦታ ላይ አንድ የዛፍ ግንድ እየተገለባበጠ አለፈ። ሰው ሳቀ፤ አሥር አለቃው ግን አልሳቀም። የወረቀት መያዣውን ዘጋው። ከዚያ ኢንሹራንስ አለህ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩ። መኪናዋ የማን ናት አለኝ። የእህቴ ባል መኪና ናት አልኩ። የሰውዬውን እጅ አየ። እያንዳንዱ መልሴ ወደ ጣቢያው አንድ እርምጃ እንደሚያስጠጋኝ ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ላስረዳው አፌን ከፈትኩ።

«ቆይ» አለኝ። «የራስህን አትንገረኝ። በኔ የሥራ ዘመን እየነዳ የተጋጨ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም ቆሞ ነበር፣ የመጣበት ሌላው ነው። አንተ የሱን ንገረኝ። እሱ ደግሞ ያንተን ይነግረኛል።»

ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አሠራር ነው አልኩ በሆዴ። ግን የታዘዝኩትን በሚገባ መፈጸም ልማዴ ነው። በሐሳቤ ራሴን ጋሪው ላይ አስቀመጥኩ። ቁልቁለት እየወረደ እንደነበር፣ ጭነቱ ከኋላ ፈረሱን ይገፋው እንደነበር፣ ጭነት ያለው ጋሪ አሸዋ ላይ አንዴ ከቆመ መልሶ መነሳት እንደማይችልና ስለዚህ መቆም እንዳልቻለ፣ ፈረስ ጡሩምባ ሲሰማ እንደሚደነግጥ አስረዳሁ። አሳማኝ ሆኖ ሳገኘው ጨመርኩበት።

«ጥሩ አስረድተሃል» አለ አሥር አለቃው። «ሊቆም እንደማይችል ይህን ያህል ካወቅህ ለምን አንተ አልቆምክለትም?»

ባለጋሪውን ተመለከትኩት። አሁን የፈለገውን መናገር ይችላል። ዱካ የለም። ቀኜን ይዤ ስሄድ ይህ ልጅ መጣብኝ ቢል የሚያስተባብለው ነገር የለም፤ ለሱም ከዚህ የሚቀልለው መንገድ የለም።

«አንተስ?» አለው አሥር አለቃው። «የሱን ንገረኝ።»

ባለጋሪው ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱ ፀሐይ ፊቱ ላይ ነበር። እንዲህ አድርጎ ነበር የሚነዳው» ብሎ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ሰው ሳቀ። «ጡሩምባ ነፋ። ወደ ቀኙ ያዘ። ልክ ነው የያዘው። እኔ ነኝ ወደ ግራ የሳብኩት።»

«ለምን ወደ ግራ?»

«በቀኝ በኩል ሴቶቹ ነበሩ።»

አሥር አለቃው ወደ ሰዉ ዞረ። ሳፋዋን ጭኗ ላይ ያስደገፈች ሴት፣ ያችው ደንገጎን ያሳየችኝ፣ «ዋላሂ እውነቱን ነው፣ እላያችን ሊወጣ ነበር» አለች። ሴቶቹ ጉድጓዳቸውን ከበው የተቀመጡት እኔ በግራዬ፣ እሱ በቀኙ በኩል ነበር። በአጠገባቸው አልፌ እሄድ ነበር። አላየኋቸውም። ለሰው ሁሉ ያሳየሁት ሥዕል ላይም አልነበሩም።

«አላየኋቸውም» አልኩ። አሥር አለቃው አልጠየቀኝም ነበር፤ በራሱ ነው የወጣው።

እሱ ሁለታችንንም ተራ በተራ ተመለከተን። «በደንቡ ጋሪው መስመር ስቷል። አንተ ደግሞ ሳታይ ነድተሃል። ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፣ እኩል ጻፍኩ።» ቀና ብሎ ቀጠለ። «ግን ሰው ተጎድቷል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ የሚያስከስሰው ተጎጂው አቤት ካለ ነው። ነገ ጠዋት ጣቢያ ይምጣና ይንገረኝ። አቤት ካለ፣ ጓድ መምህር፣ ልብስህን ይዘህ ና።» መንጃ ፈቃዴን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቮልሷን አንድ ጎረቤት ነድቶ አመጣልኝ። እህቴ አንዲት ብርድ ልብስ አጣጥፋ በር አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ያቺን ብርድ ልብስ ይዤ ነው በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ የቆምኩት።

ባለጋሪው አልመጣም። ረፋድ ሆነ። እሱ ራሱ ጣቢያ መምጣት እንደሚፈራ አውቃለሁ። ካልመጣ ደግሞ መዝገቡ አይዘጋም፣ ክፍት ሆኖ ይቆይና ማንም በፈለገ ጊዜ ያነሳዋል። እንዲመጣም እፈልግ ነበር፣ እንዳይመጣም እፈልግ ነበር። በመጨረሻ ከመጋላ በኩል መጣ፤ እጁን ወጌሻ አስሮለታል፣ ከጎኑ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ አለ። ዘመዱ ነው። ሽማግሌውን ሳይ፣ ሰው ምስክር ይዞ የሚመጣው ሊከስ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አሥር አለቃው «እጅህስ?» አለው።

«አጥንቱ ደህና ነው። ወልቆ ነበር፣ ተመልሷል።»

«አቤት ትላለህ?»

ባለጋሪውና ሽማግሌው በሶማሊኛ ተነጋገሩ። ረዘመብኝ። የማውቃት አንዲት ቃል ብቻ ደጋግማ መጣች፤ ፈረስ ማለት ነች። ሽማግሌው ወደ እኔ እየጠቆመ አንድ ነገር ሲናገር ባለጋሪው ራሱን ነቀነቀ።

«አቤት አልልም» አለ በመጨረሻ። «ግን በአንድ እጅ ፈረስ አይጠመድም። ሌላ የሚጠምድልኝ ሰው የለኝም። ይሄ እስኪፈታ» የታሰረውን እጁን አነሳ፣ «በጠዋት እየመጣ ይጥመድልኝ። ከዚያ ያስተምር። ሽማግሌው የሚለው ይሄንን ነው፤ እኔም ተስማምቻለሁ።»

አሥር አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ጓድ መምህር፣ ፈረስ ትችላለህ?»

አልችልም ነበር። አህያ እንኳ ጭኜ አላውቅም። «እችላለሁ» አልኩ።

መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጋላ ሄድኩ። በጠባቧ ግቢ ውስጥ ጋሪው አዲስ ዘንግ ገብቶለት ቆሟል፣ ፈረሱ ከግድግዳው ጋር ታስሯል። ባለጋሪው በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ማሰሪያውንና ልጓሙን ሰጠኝ፤ የትኛው የት እንደሚገባ ግን ገና አልነገረኝም። የቀረልኝ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደወል ነው። ከዘገየሁ ዋና በር ላይ ይመዘግቡኛል፤ ለምን ዘገየህ ስባል ደግሞ የምለውን አላውቅም። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ያ ትልቅ እንስሳ ነው። ከኋላው ጠጋ ስል ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጠፈ፣ እግሩን አንስቶ መሬቱን መታ። ወደ ኋላ ዘለልኩ።

«ምን ያህል ዓመት ተማርክ አልከኝ?» አለ ባለጋሪው።

«አዴር፣ አትቀልድብኝ። እሱም እኔም ፈርተናል። በየት በኩል ልቅረበው?»

ሻዩን አስቀመጠ።

«በሚያይህ በኩል» አለኝ።

ልጓሙን ይዤ ሰፋ አድርጌ ዞርኩና ከፊቱ ቆምኩ፤ ጆሮዎቹ ቀስ በቀስ እስኪቃኑ ድረስም አልተንቀሳቀስኩም።